«ማሽን ሄድ»ን ከ«ሜድ ኢን ጃፓን» ጋር ስታወዳድር

«ማሽን ሄድ» የእንግሊዙ ሮክ ባንድ ዲፕ ፐርፕል ያለ ታዳሚ የቀዳው (የስቱዲዮ) አልበም ነው፤ «ሜድ ኢን ጃፓን» ደግሞ መድረክ ላይ የቀዳው። «አፈራርቄ ስሰማ ጃፓኑ ሁልጊዜ ይበልጥብኛል፣ ምክንያቱን ግን መለየት አቃተኝ» ላልከው፦ መጀመሪያ የድምፅ መጠናቸውን እኩል አድርግ። ጆሮ ትንሽ የጎላውን «የተሻለ» ብሎ ይቀበላል፤ 1 ዴሲቤል እንኳ ያሳስታል።

1. ሁለቱን ፋይሎች ኦዳሲቲ (የድምፅ ማረሚያ ፕሮግራም) ላይ ክፈትና ጭብጨባውንና ወሬውን ቁረጥ፤ ካልቆረጥክ ልኬቱን ያዛባል። ከዚያ በላውድነስ ኖርማላይዜሽን (የድምፅ መጠን ማስተካከያው) ሁለቱንም -23 LUFS ላይ አድርጋቸው።

2. አቻ ክፍል ብቻ አወዳድር። «ስፔስ ትራኪን» ስቱዲዮ ላይ 4 ደቂቃ ተኩል፣ ጃፓን ላይ 20 ደቂቃ ገደማ ነው። ትርፉ እዚያው መድረክ ላይ የተፈጠረ ስለሆነ ከስቱዲዮው አቻ የለውም፤ ዘፈኑ ያለበትን ክፍል ብቻ ውሰድ።

3. ፍጥነታቸውን ለማወዳደር ለ30 ሰከንድ ምቱን ቁጠርና በ2 አባዛው። መጀመሪያውም መጨረሻው አካባቢም ቁጠር፤ መድረክ ላይ ፍጥነት ይንሸራተታል።

«ሃይዌይ ስታር» ላይ የጊታር ሶሎውን ልብ በል። ስቱዲዮ ላይ ጊታሪስቱ ብላክሞር በራሱ ላይ ሁለተኛ ጊታር ደርቧል፤ ጃፓን ላይ ግን አንድ ጊታር ብቻ ነው። እኔን ከጠየቅከኝ ልዩነቱ ከሁሉ በላይ እዚህ ላይ ይሰማል። ሙዚቀኞቹ ግን ተመሳሳይ ናቸው፦ ያው አምስት ሰው፣ የስቱዲዮውን በታኅሣሥ 1971 እ.ኤ.አ. ስዊዘርላንድ ሞንትሮ ከተማ ባለ ሆቴል ውስጥ፣ የመድረኩን በነሐሴ 1972 ኦሳካና ቶኪዮ።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ የትኛውን እትም እንደያዝክ አጣራ። የ1997ቱ «ማሽን ሄድ» ውስጥ የባንዱ ቤዝ ተጫዋች ሮጀር ግሎቨር እንደ አዲስ ሚክስ ያደረገው (ድምፆቹን መልሶ ያቀናበረው) ቅጂም አለ። የመሣሪያዎቹ ሚዛን ስለተቀየረ እሱን ይዘህ ካወዳደርክ የምትሰማው ልዩነት የ1972ቱ አይደለም።