ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ጥሞና ልትይዢ ላሰብሽው እህቴ

ሰላም ላንቺ ይሁን። «ሦስት ቀን ፈቃድ አግኝቻለሁ፣ ባሕር ባይኖረንም ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ሄጄ ልጸልይ፣ ብቻዬን ይሻላል ወይስ ከኅብረት ልጆች ጋር?» ብለሽ ጠይቀሻል። እኔ የምኖረው እዚሁ ሐዋሳ ነው። ሁለቱንም ሞክሬያለሁ፣ ሁለቱንም አበላሽቼያለሁ።

ባሕር የለንም ብለሽ ግን አትዘኚ። የገሊላ ባሕር የምንለውም እኮ ጨው የሌለው ሐይቅ ነው፤ ርዝመቱ 21 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

የመጀመሪያው ጊዜ ስድስት ሆነን ነበር። ፕሮግራሙ በደቂቃ ተሸንሽኗል፦ ንጋት 11 ሰዓት መነሣት፣ ጸሎት፣ ጥናት፣ አምልኮ፣ ምስክርነት፣ ጊታሩ ሳይቀር መጥቷል። ደስ ይላል፣ ሳቅን፣ አለቀስን። ዝም ያልንበት አንድ ሰዓት ግን አልነበረም፣ እኔም ከሄድኩት በላይ ደክሜ ተመለስኩ።

ሁለተኛው ብቻዬን። ምን አጠፋሁ መሰለሽ? ዓርብ ገባሁ። ቅዳሜ ማታ ያረፍኩበት ሆቴል ግቢ ውስጥ ሰርግ ነበር፤ እኔ መዝሙረ ዳዊትን ገልጬ «ዕረፉ» የሚለው ላይ ደርሻለሁ፣ መስኮቱ በስፒከር ይንቀጠቀጣል። እስከ ሌሊት 8 ሰዓት! ስለዚህ ሰኞ ገብተሽ ረቡዕ ውጪ። የገብርኤል ንግሥ የሚውልበትን ሐምሌ 19 እና ታኅሣሥ 19፣ እንዲሁም የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፍቼ ጨምበላላን ሰሞን አትምረጪ። በዓሉን ለማየት ከሆነ ነይ፣ በዓሉ የሚከበርበት ሜዳ ጉዱማሌ ያኔ ነው የሚያምረው፤ ለዝምታ ግን አይሆንም።

አሁን ዋናውን ልንገርሽ። መጀመሪያ ቀን ትተኛለሽ። ከአዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ በመኪና መጥተሽ፣ የስንት ወር ድካም ተሸክመሽ፣ መጽሐፍ ቅዱስሽን ደረትሽ ላይ አድርገሽ እንቅልፍ ይወስድሻል። እኔ በጣም አፈርኩ፣ ራሴን ስወቅስ ዋልኩ። በኋላ 1ኛ ነገሥት 19ን ሳነብ ኤልያስም ሞቴን ብሎ ዛፍ ሥር ተኝቶ አገኘሁት። መልአኩ ቀስቅሶ ምን አለው? ብላ። በላ፣ ጠጣ፣ ተመልሶ ተኛ! ወደ ኮሬብ የሄደው ከዚያ በኋላ ነው። ተኚ፣ እህቴ።

በማግስቱ ማለዳ 12 ሰዓት ላይ ወደ ሐይቁ ውረጂ። ያኔ ውኃው እንደ መስታወት ነው፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ቆመው ያያሉ፣ ዓሣ አጥማጆቹ ከሌሊት ሥራ ይመለሳሉ። ዮሐንስ 21ን እዚያ ቁጭ ብለሽ አንብቢው፤ ሌሊቱን ሙሉ ምንም ያልያዙት ሰዎች፣ የፍሙ እሳት፣ ዓሣው፣ «ኑ ምሳ ብሉ» መባሉ። ፀሐይ ከፍ ሲል ባለጀልባዎቹ «ጉማሬ ላሳይሽ» እያሉ ያዋክቡሻል፣ ከሰዓት በኋላም ነፋሱ ይነሣል፤ ያንን ሰዓት ክፍልሽ ውስጥ ጻፊበት።

እኔ አሁን የምሄደው ከአንድ ጓደኛዬ ጋር ነው። የተለያየ ክፍል እንይዛለን፣ እስከ ማታ አንነጋገርም፣ እራት ላይ የሰማነውን እናወራለን። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሄድ ሰው ይሄ ይሻላል፤ ብቻ መሆን አንዳንዴ ጸሎት ሳይሆን ትካዜ ይሆናል። (ኦርቶዶክስ ከሆንሽ ደግሞ ሱባኤ ስለሆነ ቀድመሽ የንስሐ አባትሽን አማክሪ።)

ዳታሽን አጥፊ፣ ግን የት እንዳለሽ አንድ ሰው ይወቅ። ክፍል ስትይዢ አጎበር እንዳለው ጠይቂ፣ ሐይቅ ዳር ወባ አለ። እዚሁ ሐዋሳ ያለው ታቦር ተራራ ላይ ብቻሽን አትውጪ። የምትበይውን ነገር ውጪ ጠረጴዛ ላይ አትተዪ፤ የእኔን ዳቦ ጦጣ ይዛው ዛፍ ላይ ወጥታ እያየችኝ ነው የበላችው። የምትጾሚ ከሆነ በዓሣ ገበያው በአሞራ ገደል በኩል አትለፊ፣ የዓሣ ጥብሱ ሽታ አያሳልፍም። ረቡዕ ስትጨርሺ ግን ቀጥታ እዚያው ሂጂና ቆሮሶ ዓሣ አስጠብሺ፣ የሚያቃጥለውን ማባያ ዳጣውን እንዳትረሺ።