መሬቱ የኔ፣ ሽቦው የማን?

ወንድሜ፣ «የጎረቤቴ የመብራት ገመድ በግቢዬ ላይ ያልፋል፣ ልቁረጠው? ወደ ጓሮ ክፍልስ ራሴ መስመር ብዘረጋ?» ላልከው፦ ገመዱን እንዳትነካው! መሬቱ ያንተ ቢሆንም እስከ ቆጣሪው ያለው መስመር አብዛኛውን ጊዜ የመብራት አቅራቢው ድርጅት ንብረት ነው፤ በመሬትህ ላይ የማለፍ መብትም በውል ወይም በሕግ ኖሮት፣ ቤቱን ስትገዛ ሳታውቀው አብሮ መጥቶ ይሆናል። ሰነድህን አገላብጠህ እይ። ገመዱ ረግቦ ጣሪያህን ሊነካ ከደረሰ ግን ዝም አትበል፣ ፎቶ አንስተህ ለአቅራቢው በጽሑፍ አመልክት፣ ግልባጩንም ያዝ።

ወደ ጓሮው ስንመጣ፣ ብሬከር (ጭነት ሲበዛ መብራቱን የሚቆርጠው) የሚጠብቀው ሽቦውን ነው እንጂ ምድጃህን አይደለም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚሳሳተው። ብሬከሩ ቶሎ ቶሎ ሲወርድበት ሽቦውን ሳይቀይር ትልቅ ብሬከር ይገጥማል፣ ከዚያ ሽቦው ግድግዳ ውስጥ ይግላል። እኔ አንዴ ሶኬት ስፈታ የሽቦው ልባስ ጠቁሮ እንደ ብስኩት እጄ ላይ ተፈረፈረ፣ ብሬከሩ ግን ንክች አላለም ነበር። ለመብራት የተዘረጋ 1.5 ሚሊ ካሬ ሽቦ ላይ ምድጃ አትሰካ። ከመሬት በታች የምትወስደው ከሆነ ለዚያ የተሠራ ገመድ በቱቦ አድርገህ በደንብ ቅበረው፣ ኤሌክትሪኩ ወደ መሬት ወይም ወደ ሰው ሲፈስ በ30 ሚሊአምፔር ፍሳሽ የሚቆርጥ መከላከያም ይኑረው። ጉድጓዱን ራስህ ቆፍር፣ ማከፋፈያው (ብሬከሮቹ ያሉበት ሳጥን) ላይ ማገናኘቱን ግን ፈቃድ ላለው ባለሙያ ተውለት።