ዘንግ፣ ጠፍጣፋ ወይስ ኳስ?

ጥያቄ፦ ሰላም! ሀዋሳ የኬሚስትሪ ተማሪ ነኝ። እኔ ፈሳሽ ክሪስታል (እንደ ፈሳሽ የሚፈስ፣ ቅንጣቶቹ ግን ሥርዓት የያዙበት ነገር) የሚፈጠረው ቅንጣቶቹ ስለሚሳሳቡ ነው እላለሁ። ጓደኛዬ ግን «ኮሎይድ (ፈሳሽ ውስጥ የተበተኑ ጥቃቅን ቅንጣቶች) ከሆነ ቅርጹ ብቻ ይበቃል» ብሎ ድርቅ አለ። ማን ነው ትክክል?

መልስ፦ ጓደኛህ ነው፤ አሞራ ገደል ወስደህ ዓሳ ጋብዘው። ሳይንቲስቱ ላርስ ኦንሳገር በ1949 (እ.ኤ.አ.) ያሳየው ይህንኑ ነው። ቀጫጭን ዘንጎች ጨርሶ ሳይሳሳቡ፣ ቦታ ስለሚሻሙ ብቻ፣ ሲበዙ ወደ አንድ አቅጣጫ ይዞራሉ። ይህ ኔማቲክ ይባላል። «ሳይሳሳቡ የሚያዞራቸው ኢንትሮፒ (ቅንጣቶቹ ሊይዙት የሚችሉት የአቀማመጥ ብዛት መለኪያ) መጨመሩ ከሆነ፣ ሥርዓት ይዘው እንዴት ይጨምራል?» ትለኝ ይሆናል። እንደፈለጉ የመዞር ነጻነታቸውን ያጣሉ፣ በምትኩ ግን መንቀሳቀሻ ቦታ ያገኛሉ፤ ትርፉ ከኪሳራው ይበልጣል፣ በቃ። ዘንጉ በረዘመና በቀጠነ ቁጥር ደግሞ ይህ የሚጀምረው በትንሽ መጠን ነው። ዘንግ የሚመስለውን የትምባሆ ሞዛይክ ቫይረስ ውሰድ፦ ርዝመቱ 300፣ ውፍረቱ 18 ናኖሜትር ገደማ ነው። ተመራማሪዎቹ ባውደንና ፒሪ ውሃ ውስጥ ፈሳሽ ክሪስታል እንደሚሠራ የዘገቡት ገና በ1936 ነው።

ዘንጎች ይበልጥ ሲታጨቁ በንብርብር ይደረደራሉ፤ ስሜክቲክ ነው። ጠፍጣፋ ክብ ቅንጣቶች፣ ለምሳሌ ጊብሳይት የተባለው ማዕድን፣ እንደ ሳንቲም ተደራርበው አምዶች ይሠራሉ። ድቡልቡሎችስ? የሚዞሩበት አቅጣጫ ስለሌላቸው ኔማቲክን አያውቁትም፤ ከጠቅላላው ይዘት 49 በመቶ ያህሉን ሲሞሉ በቀጥታ ወደ ክሪስታል መሄድ ይጀምራሉ።

ላብራቶሪ ከገባህ አንድ ነገር ልብ በል፦ የዘንጎቹ ርዝመት ከተለያየ ስሜክቲኩ ይበላሻል፣ ምክንያቱም ንብርብሩ እኩል ቁመት ይፈልጋል።