«አያምርም» ብላችሁ አትለፉ

በዲዛይን ሥራ ላይ ላላችሁ ልጆቼ፦

የምትሠሩትን የስልክ መተግበሪያ አምጥታችሁ አስተያየት ስትጠይቁኝ ደስ ይለኛል። የሌላ ሰው ሥራ ስትተቹ ስሰማ ግን ቅር የሚለኝ ጊዜ አለ። «አያምርም»፣ «አሮጌ ይመስላል»፣ «ቀለሙ ደበረኝ»። ይህን የሰማ ፕሮግራመር ምኑን ያስተካክል? ጉድለቱ የት እንዳለ፣ ዓይን ምን ላይ እንደሚደናቀፍ፣ ማን እንደሚቸገር ንገሩት። የሚለካ ከሆነም ለክታችሁ ንገሩት።

ግራጫ ጽሑፍን እንውሰድ። የቀለም ኮዱ 999999 የሆነው ግራጫ ነጭ ላይ ሲያርፍ ንፅፅሩ (የጽሑፉና የጀርባው የብርሃን ልዩነት) 2.85 ለ1 ገደማ ነው፤ ዓለም አቀፉ የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያ ለተራ ጽሑፍ ቢያንስ 4.5 ለ1 ይጠይቃል። ወደ 767676 ቢጠቁር ያልፋል። ቢሮ ሞኒተር ላይ ልዩነቱ ብዙም ላይታያችሁ ይችላል፤ ቀትር ላይ የታክሲ ሰልፍ ቆሞ በተሰነጠቀ ስክሪን ቀሪ ሒሳቡን የሚፈልግ ሰው ግን ያውቀዋል። ቁጥር ይዛችሁ ስትገቡ ስብሰባውም ያጥራል።

እኔን ይበልጥ የሚያንገበግበኝ የፊደላችን ጉዳይ ነው። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2014 ማቴሪያል ዲዛይን የተባለውን የመተግበሪያ ገጽታ መመሪያውን ሲያወጣ የአንድሮይድ በተኖች (በጣት የሚጫኑት ቁልፎች) ጽሑፍ በካፒታል ፊደል እንዲሆን ተደረገ። የላቲን ካፒታል ጎልቶ ስለሚታይ መጠኑን ማሳነስ፣ እንዳይጨናነቅም ፊደላቱን ትንሽ ማራራቅ የተለመደ ነው። በ2021 ይፋ የሆነው ሦስተኛው ማቴሪያል በተኖቹን ከካፒታል አላቆ መልሷቸዋል፤ ልማዱ ግን በብዙ መተግበሪያ ውስጥ ቀርቷል። አማርኛ ሲገባበት ምን ይሆናል? ፊደላችን ካፒታል ስለሌለው ጉልህነቱ ይቀርና ማነሱና መበታተኑ ብቻ ይተርፈናል። ሁለት ነጥቡን ትተን ቃላትን በባዶ ቦታ ከለየን ወዲህ ደግሞ፣ ፊደላቱ ከተራራቁ አንዱ ቃል የት አልቆ ሌላው የት እንደሚጀምር ይምታታል።

ታዲያ ርዕሱ ከዝርዝሩ በምን ይለይ? በመጠን፣ በቦታ፣ በውፍረት። ውፍረቱም ቢሆን ጣጣ አለው። ፎንቱ የራሱ ደማቅ ቅርጽ ከሌለው ሲስተሙ አስመስሎ ያወፍረዋል፤ የጨ፣ የጬ፣ የጧ የውስጥ ክፍተት ይደፈንና ጥቁር ነጠብጣብ ይሆናል። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ከቀጭን እስከ በጣም ወፍራም በየደረጃው የተሳለ ቅርጽ አለው፤ በነፃ ይገኛል። ስለዚህ ሰበብ አልቀበልም።

ሌላው የተቆረጠ ጽሑፍ ነው። በእኛ ቋንቋ ማሰሪያ አንቀጹ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። ለአጭር የእንግሊዝኛ ቃል በተለካ ጠባብ በተን ላይ «ገንዘብ አስገባ» እና «ገንዘብ አስወጣ» ሁለቱም «ገንዘብ አስ…» ሆነው ጎን ለጎን ይቆማሉ። ይህ የውበት ጉዳይ ብቻ ነው የሚል ካለ የራሱን ደመወዝ በዚያ ስክሪን ያንቀሳቅስ። የወር መምረጫውም እንደዚሁ ነው፤ ሦስት በአራት ተብሎ ለአሥራ ሁለት ወር ተሠርቶ ጳጉሜን ከታች ተንጠልጥላ ትቀራለች፣ ስክሪኑ ትንሽ ከሆነማ «እሺ» የሚለው በተን ይሸፍናታል። በጳጉሜን የተወለደ ሰው ምን ይሙላ?

በጣት ስለሚነካ ቦታ ብዙ አልልም፤ አፕል 44 ነጥብ፣ ጉግል 48 ዲፒ ይላሉ (ሁለቱም የስክሪን መለኪያ ናቸው)፤ ከዚያ አታሳንሱ።

ስትተቹ ሰውየውን ተዉት። እኔ ካየሁት አብዛኛው እንዲህ ያለ ጉድለት ማንም ሳይነካው የቀረ ዲፎልት (ከመነሻው ተሞልቶ የመጣ ምርጫ) ነው። የመተግበሪያውን ስክሪን ሾት ቴሌግራም ላይ ለጥፎ መሳለቅ ጭብጨባ ያስገኝ ይሆናል፤ በተኑ ግን እንዳለ ይቀራል። ሠሪው ዘንድ ሄዳችሁ አብራችሁት ተቀመጡ፤ አንዱን ጉድለት አሳዩት፣ ሲስተካከል ወደ ሁለተኛው እለፉ። ለእኔም የሚቀጥለውን ሥራ ስትልኩ በእንግሊዝኛ የሞላችሁትን ናሙና ተዉትና በአማርኛ ሙሉት፤ የስልኩን የፊደል መጠን ከሴቲንግ እስከ መጨረሻ አሳድጋችሁ ያነሳችሁትን ስክሪን ሾትም ጨምሩበት።