የማይጮህ ትንሽ ጌሚንግ ፒሲ ለአዳማ ሙቀት

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን በደንብ አይቼዋለሁ። አዳማ፣ ከታናሽ እህትህ ጋር የምትጋራው ክፍል፣ ጠባብ ጠረጴዛ፣ 1080ፒ ባለ 75 ኸርዝ ሞኒተር፤ ማታ ማታ ቫሎራንት፣ ፊፋና ጂቲኤ 5። ማሽኑ ትንሽ ይሁን፣ አይጩህ፣ ገንዘቡም ብዙ አይደለም ብለሃል። ከላይ የመለሱልህ አብዛኞቹ ጥሩ ፋን ግዛ ብለውሃል። እኔ ግን ከፋን አልጀምርም። ፋን የሚጮኸው የሚያወጣው ሙቀት ሲበዛበት ነው፤ ስለዚህ መጀመሪያ የሚወሰነው ማሽኑ ስንት ዋት ይበላል የሚለው ነው።

አዳማ ላይ ይሄ ነገር የበለጠ ያስጨንቃል። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ቀን ላይ ከ30 ዲግሪ ያልፋል፤ የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ቤት ደግሞ ማታም ቶሎ አይበርድም። ከተማው ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,700 ሜትር ስለሆነ አየሩ ከባሕር ዳርቻው አየር 15 በመቶ ያህል የሳሳ ነው። ያው ፋን በያው ፍጥነት ዞሮ የሚያወጣው ሙቀትም እዚህ ያንሳል። ዩቲዩብ ላይ 20 ዲግሪ በሆነ ክፍል ውስጥ ተሞክሮ "ድምፅ የለውም" የተባለ ማሽን እዚህ ሲመጣ ሌላ ማሽን ነው የሚሆነው።

ከግራፊክስ ካርዱ ጀምር፤ ስትጫወት ትልቁን ሙቀት የሚያመጣው እሱ ነው። ለአንተ ሞኒተር አርኤክስ 6600 ይበቃል፦ 8 ጊጋ ሚሞሪ፣ 132 ዋት። አቅምህ ከፈቀደ አርቲኤክስ 4060 በ115 ዋት ከእሱ ይበልጣል። ያገለገለ አርኤክስ 580 በርካሽ ይቀርብልሃል፤ እባክህ እለፈው። 185 ዋት እየበላ ከ6600 በብዙ ያንሳል፣ ብዙዎቹም ማይኒንግ (ዲጂታል ገንዘብ ማምረት) ላይ ከርመው የመጡ ናቸው። ከእነሱም ውስጥ 2048 ኤስፒ የሚባል ዓይነት አለ፤ ስሙ 580 ይባል እንጂ በዋናው ላይ ካሉት 2304 ሼደሮች (ምስሉን የሚያሰሉ ትንንሽ ክፍሎች) ያሉት 2048 ብቻ ናቸው። ጂፒዩ-ዚ የሚባለውን ነጻ ፕሮግራም ከፍተህ ሼደርስ የሚለው ቦታ ላይ ቁጥሩን ታየዋለህ። የትኛውንም ያገለገለ ካርድ ከመክፈልህ በፊት ፈርማርክ (ካርዱን በሙሉ ጉልበቱ የሚያሠራ መፈተኛ ፕሮግራም) ላይ 15 ደቂቃ አስሠራውና ጆሮህን አስጠጋ። ፋኑ የመንኮሻኮሽ ድምፅ ካለው ኩሽኔታው አልቋል ማለት ነው። ካርዱ ባለ ሁለት ፋን ይሁን፤ ባለ አንድ ትንሽ ፋን የሆነው ኬዝ ውስጥ ቦታ ቢቆጥብልህም ሙቀት ላይ ያፏጫል።

ፕሮሰሰር ራይዘን 5 5600፣ 65 ዋት። ከነካርዱ ገንዘቡ ካልሞላልህ 5600ጂ ግዛና ካርዱን በኋላ ጨምር፤ 5600 ብቻውን ሞኒተር ላይ ምስል አያወጣም፣ ጂው ግን የራሱ ግራፊክስ አለው። በዚህ መንገድ ከሄድክ ራሙ የግድ ሁለት ባለ 8 ጊጋ ይሁን። አንድ ባለ 16 ከሰካህ ግራፊክሱ የሚጠቀምበት የሚሞሪ ፍጥነት በግማሽ ይቀንሳል፣ ጌሙም ይንቀረፈፋል። ማዘርቦርዱ ቢ550 ማይክሮ ኤቲኤክስ። ቢ450 ካገኘህም ይሠራል፤ ግን ባዮሱ (ቦርዱን የሚያስነሳው ፕሮግራም) ለ5000ዎቹ ራይዘኖች መታደሱን እዛው ሱቁ ውስጥ አስነስተህ አረጋግጥ። ማከማቻ ኤንቪኤምኢ ኤስኤስዲ (ቦርዱ ላይ የሚሰካ፣ የሚዞር ነገር የሌለው) ብቻ። ሃርድ ዲስክ ማታ ላይ ሲንኳኳ ይሰማል።

አሁን ትንሽነቱ። ሚኒ አይቲኤክስ ቦርድ 17 በ17 ሴንቲሜትር ስለሆነ ያምራል፣ ነገር ግን ውድ ነው፤ እዚህ አገር ሲበላሽም ምትኩን ማግኘት ያስቸግራል። የማይክሮ ኤቲኤክስ ቦርድ 24.4 በ24.4 ነው፤ 30 ሊትር አካባቢ የሆነ ኬዝ ጠረጴዛህ ላይ ሞኒተሩ አጠገብ ይቆማል። አሱስ ኤፒ201 ለምሳሌ 33 ሊትር ነው። ሌላም ቢሆን ችግር የለውም፤ ፊቱ የተበሳሳ ብረት ይሁን እንጂ። ፊቱ በመስታወት የተዘጋውን አትግዛ፤ አየር የሚስብበት ስለሌለው ፋኖቹ ሲጮኹ ይውላሉ። ሁለት ቁጥር ደግሞ ለካ፦ የኩለር (የፕሮሰሰሩ ማቀዝቀዣ) ከፍታና የካርድ ርዝመት። ከፕሮሰሰሩ ጋር የሚመጣው ትንሹ ኩለር በሙቀት ጊዜ ይንጫጫል። ባለ 12 ሴንቲሜትር ፋን የቆመ ኩለር ይለውጠዋል፤ ቁመቱ ግን ከ150 እስከ 160 ሚሊሜትር ስለሆነ ኬዙ ይህን መቀበሉን ሳታይ አትክፈል።

ከኬዝ ጋር በነጻ የሚሰጡት ባለ መብራት ፋኖች ዋና ጠላትህ ናቸው። ብዙዎቹ የሚሰኩት ከፓወር ሰፕላይ በሚመጣው ባለ 4 ቀዳዳ ትልቁ ሶኬት ነው፤ ስለዚህ ሁልጊዜ በሙሉ 12 ቮልት ይዞራሉ፣ ባዮሱ ሊያዘገያቸው አይችልም። ሪሞታቸው የሚቀይረው ቀለሙን ነው። አውጣቸውና ማዘርቦርዱ ላይ የሚሰኩ ባለ 4 ፒን ሦስት ፋኖች ግዛ፦ ሁለቱ ከፊት የሚያስገቡ፣ አንዱ ከኋላ የሚያወጣ። የሚገባው አየር ከሚወጣው ከበለጠ አቧራው በማጣሪያው በኩል ብቻ ይገባል፤ ካልሆነ በየስንጥቁ ይሳባል። በአዳማ ንፋስና አቧራ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ማጣሪያውን በበጋ በየሁለት ሳምንቱ አራግፍ፣ ውስጡን በየሁለት ወሩ በንፋስ አጽዳ፤ ስታጸዳ የፋኑን ክንፍ በጣትህ ያዝ። ኬዙን ወለል ላይ አታስቀምጥ።

ፓወር ሰፕላይ ላይ ብዙ ሰው ይታለላል። የሁሉም ድምር 300 ዋት እንኳ አይሞላም፤ 550 ዋት ባለ 80 ፕላስ ብሮንዝ (ኃይል አለማባከኑን የሚያሳይ ደረጃ) በግማሽ ጉልበቱ ስለሚሠራ ፋኑ ቀስ ብሎ ይዞራል። ከኬዝ ጋር ተገጥሞ የሚመጣውን ግን ጎኑ ላይ ያለውን ሰንጠረዥ አንብበው። "500 ዋት" በትልቁ ተጽፎ 12 ቮልቱ ስር 18 አምፔር ካለ፣ 12 በ18 ሲባዛ 216 ዋት ነው። ካርድህና ፕሮሰሰርህ የሚበሉት ከዚሁ መስመር ነው፤ ጌም መሃል ድንገት ቢጠፋብህ ምክንያቱ ይሄ ነው። ከኋላው 115 እና 230 የሚል ቀይ ማብሪያ ካለው የድሮ አሠራር ነው፣ ተወው።

ያገለገለ የቢሮ ኮምፒውተር፣ ማለትም ትንሹን የዴል ኦፕቲፕሌክስ ወይም የኤችፒ ኤሊትዴስክ፣ ያነሳልህ ሰው ትክክል ነው፤ በጣም ርካሹ መንገድ እሱ ነው። ግን ፓወር ሰፕላዩ የራሱ ቅርጽ ስላለው በሌላ አይተካም፣ ካርዱም አጭሩ ዓይነት መሆን አለበት፦ አርቲኤክስ 3050 ባለ 6 ጊጋ፣ 70 ዋት፣ ተጨማሪ ገመድ የማይፈልገው። የእነዚህ አጫጭር ካርዶች ፋን ትንሽ ስለሆነ ድምፁ ቀጭን ነው። ከኢንቴል 8ኛ ትውልድ በታች ደግሞ አትውረድ፤ ከዚያ በታች ያለውን ዊንዶውስ 11 በይፋ አይቀበለውም፣ ዊንዶውስ 10 ደግሞ ድጋፉ እ.ኤ.አ. በ2025 አብቅቷል፣ ቫሎራንት ደግሞ በዊንዶውስ 11 ላይ ቲፒኤም 2.0ና ሴኪዩር ቡት የሚባሉትን የማሽኑን የደህንነት መጠበቂያዎች ይፈልጋል።

ከተገጠመ በኋላ አንድ ሰዓት ስጠው፤ ድምፁ የሚቀንሰው እዚህ ላይ ነው። ባዮስ ገብተህ የራሙን ኤክስኤምፒ (ራሙን በተሠራለት ፍጥነት የሚያሠራውን) አብራ። የፕሮሰሰሩን ፋን እስከ 60 ዲግሪ 35 በመቶ፣ 75 ላይ 60 በመቶ፣ 85 ላይ 100 አድርገው። የ5600 ጣሪያው 90 ዲግሪ ስለሆነ 75ን አይተህ አትደንግጥ። ፋኑ ለሙቀት ለውጥ ምላሽ የሚሰጥበትን ጊዜም አዘግየው። ራይዘን አንድ ፕሮግራም ሲከፈት ለሰከንድ ሙቀቱ ስለሚዘል ፋኑ ከፍ ዝቅ ይላል፤ የተኛ ሰው የሚቀሰቅሰው ከማያቋርጥ ድምፅ ይልቅ ይሄ መነሳትና መውደቅ ነው። ከዚያ ፍሬሙን (ጌሙ በሰከንድ የሚያወጣውን ምስል ብዛት) 75 ላይ ገድበው። ቫሎራንት ካልተገደበ ሞኒተርህ የማያሳየውን 200 ፍሬም ሲያመርት ያድራል፤ ሜኑ ላይ ደግሞ ካርዱ ቀጭን ፉጨት ያሰማል። በመጨረሻ ካርድህ አርኤክስ ከሆነ በአድሬናሊን (የኤኤምዲ ካርድ ማስተካከያ ፕሮግራም) የካርዱን ቮልቴጅ በ25 ሚሊቮልት እየቀነስክ በየደረጃው ግማሽ ሰዓት ተጫወት፤ ሲዘጋ ወይም ምስሉ ሲበላሽ ሁለት ደረጃ መልሰው።

ለመብራት መቆራረጡ ባለ 650 ቪኤ ዩፒኤስ (ባትሪ ያለው መጠባበቂያ) ያስፈልግሃል፤ ሥራው ሴቭ አድርገህ እንድታጠፋ ጥቂት ደቂቃ መስጠት ነው። መብራት ሲሄድ ዩፒኤሱ እያለ ማሽኑ አብሮ ከጠፋ፣ ርካሽ ዩፒኤስ የሚሰጠውን የተቆራረጠ ሞገድ አንዳንድ ፓወር ሰፕላይ ስለማይቀበለው ነው፤ ከመግዛትህ በፊት ሁለቱን አንድ ላይ ሰክተህ ሶኬቱን ነቅለህ ሞክር። ስታቢላይዘር ካለህ ከአልጋው አርቀው፣ ሌሊት ቀጭ ቀጭ ይላል።

ዋጋ በብር አልጻፍኩልህም፣ ከሳምንት ሳምንት ይቀያየራል። ካለህ ገንዘብ ከሦስት እጅ አንዱን ትንሽ አሳልፈህ ለካርዱ መድብ፤ ከፓወር ሰፕላዩ ግን አትቀንስ። ዕቃውን ከአዲስ አበባ ተገጥሞ የምታመጣው ከሆነ ካርዱን አስነቅለህ በሳጥኑ ያዘው፣ ኬዙንም ማዘርቦርዱ ከታች እንዲሆን አጋድመው። የቆመው ኩለር ከባድ ስለሆነ ሚኒባሱ ሲዘል ቦርዱን ይጎትተዋል። ቤት ስትደርስ ከመሰካትህ በፊት ጎኑን ከፍተህ የኩለሩን ብሎኖች በእጅህ ፈትሽ።