«ሳሩን ነቅዬ ክሎቨር ልዝራ ወይ?» ላልሽው እህት

እህቴ፣ አንቺ ብልሽ ቅር እንዳይልሽ። ጥያቄሽን ሌላውም እንዲከታተል በአጭሩ ልድገመው። ቀበና ያለው ግቢያችሁ 60 ካሬ ያህል ሳር አለው። ከታኅሣሥ ጀምሮ ቢጫ ይሆናል። ውሃ በፈረቃ ነው። ከውጭ የመጣ ዘመድ «ክሎቨር ዝሪበትና ተገላገዪ» አለሽ። ሁለት ልጆችና አንድ ውሻ አሉ። እኔ አራት ኪሎ አካባቢ በአንድ አሮጌ ግቢ ውስጥ ከዚህ ተክል ጋር ስድስት ዓመት ኖሬያለሁ። ዝሪው፤ ሳሩን ግን አትንቀዪ።

ክሎቨር ለኛ ባዕድ አይደለም፤ ማገጥ ነው። ገጠር ያደገ ሰው ያውቀዋል፣ በመስከረም መስኩን ከአደይ አበባ ጋር የሚሞላው ባለ ሦስት ቅጠሉ። አገራችን ከሃያ በላይ የማገጥ ዓይነት አላት፣ ከነሱም ሌላ አገር የማይገኙ አሉ። ዘመድሽ የነገረሽ ነጩ ክሎቨር ግን የአውሮፓና የመካከለኛው እስያ ልጅ ነው። የኛዎቹ አብዛኞቹ የአንድ ክረምት ናቸው። ዘራቸውን ጥለው ጥቅምት ኅዳር ላይ ይደርቃሉ። ነጩ መሬት ለመሬት እየተሳበ በየአንጓው ሥር ስለሚሰድ ይቆያል። ለግቢ የሚፈለገውም ለዚህ ነው።

ስለዚህ ዘር ፍለጋ ከመውጣትሽ በፊት ተንበርከኪና ሳርሽን እዪው። ምናልባት አለሽ። የኛም አገር በቀል ሆኖ እየተሳበ የሚሄድ፣ ነጭ አበባ ያለው ማገጥ አለ። ፈረንጆቹ «የኬንያ ነጭ ክሎቨር» ይሉታል፤ ስሙን ኬንያ ወሰደችው እንጂ እዚህም ይበቅላል። ቅጠሉን ገልብጠሽ ስታዪው ጸጉር ካለው እሱ ነው፤ የአውሮፓው ልሙጥ ነው። ልጆች ከሚያኝኩት ከጎምዛዛው፣ አንዳንዶች የበሬ ጨው ከሚሉት ጋር እንዳታምታቺው። የሱ ቅጠል የልብ ቅርጽ አለው፤ የማገጡ ሞላላ ነው።

አሁን ወደ ስህተቴ ልምጣ። የመጀመሪያ ዓመት ሐምሌ ሲገባ ዘራሁ። ዝናብ አለ፣ ምን ቸገረኝ ብዬ። የክሎቨር ዘር ከጤፍ ብዙም አይበልጥም፣ አንድ ግራም ውስጥ 1,500 ገደማ ፍሬ አለ። በሦስተኛው ቀን አንድ ዶፍ ጣለና ሁሉንም ጠራርጎ ወሰደው። እኔ ግቢ ምንም የለም። ጎረቤቴ በር ላይ ያለው ቦይ ዳር ግን እንዴት እንዳማረበት! «ምን ዓይነት ሳር ነው የተከልሽው?» ብዬ ልጠይቃት ስል ነው የገባኝ።

በሁለተኛው ዓመት ሽምብራና ጓያ በሚዘራበት ጊዜ ዘራሁ፤ ነሐሴ መጨረሻ። ዶፉ ይቀንሳል፣ መሬቱ ግን እርጥብ ነው። በሳምንት ውስጥ ብቅ አለ። አዘራሩ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ሳሩን አሳጥረሽ እጨጂው። በሬክ አጥብቀሽ ቧጭሪው፣ አፈሩ እስኪታይ። ዘሩን ከደረቅ አሸዋ ጋር ደባልቀሽ በትኚው፤ አለዚያ አንድ ቦታ ላይ ይከመራል። በሳር መሃል ለሚዘራ ለካሬ ከ1 እስከ 2 ግራም ይበቃል። ለ60 ካሬ ሁለት የቡና ሲኒ ያህል ማለት ነው። አፈር አታልብሺው፣ በእግርሽ ብቻ ጠቅጠቅ አድርጊው። ጥልቅ ከገባ አይወጣም። ማታ ማታ ደግሞ በባትሪ ቀንድ አውጣ ልቀሚ። ቡቃያውን የሚጨርሰው እሱ ነው፤ እኔ ወፎቹን ስረግም ከረምኩ።

ሳሩን ለምን አትንቀዪ እንዳልኩሽ ልንገርሽ። ክሎቨር ብቻውን ርግጫ አይችልም። ልጆችሽ ኳስ የሚጫወቱ ከሆነ በሁለት ሳምንት ጭቃ ይሆናል። ሰርዶና ኪኩዩ ሳር ግን ተረግጠው ተረግጠው ይነሳሉ። ደግሞም ሳሩ የሚጠቀመው ነገር አለ። ክሎቨር እንደ ባቄላና አተር ሥሩ ላይ ጥቃቅን እብጠቶች ይይዛል። እነሱ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ናይትሮጅንን ከአየር ወስደው ለተክሉ ምግብ ያደርጉለታል። ቅጠልና ሥሩ ሲበሰብስ ለሳሩ ይተርፋል። ባቄላ በነበረበት መሬት በዓመቱ ስንዴው የሚያምረው በዚሁ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ነጩ ክሎቨር የራሱን ባክቴሪያ ይፈልጋል። ለኛ ማገጦች የሚሠራው ለሱ ላይሠራለት ይችላል። የኔው መጀመሪያ ላይ ቀጭጮ ቢጫ ቢጤ ሆኖ ነበር። ነቅዬ ሳየው እብጠቱ ጥቂት ነው፣ ስሰብረውም ውስጡ ነጭ ነው። የሚሠራ እብጠት ውስጡ ሮዝ መሆን አለበት። አንድ ወዳጄ ነጩ ክሎቨር ለዓመታት ከኖረበት ግቢ ግማሽ ባልዲ አፈር ሰጠኝ። እሱን በትኜ ውሃ አጠጣሁት። በሚቀጥለው ክረምት መልኩ ሌላ ሆነ።

ዩሪያ አታድርጊበት። ዩሪያ የሚያፋፋው ሳሩን ነው፣ ሳሩም ክሎቨሩን ይውጠዋል። «አረም ላጥፋልሽ» የሚል አትክልተኛ ቱ ፎር ዲ ይዞ ከመጣም ከበር መልሺው። ያ መድኃኒት ሳሩን ትቶ ሰፋፊ ቅጠሉን ነው የሚገድለው፣ ክሎቨሩም ከዚያ ወገን ነው። እኔ ጋ ማሳሰብ ረስቼ ከግማሽ በላይ ሄዶብኛል።

በበጋ ሁሌ አረንጓዴ ነው ያሉሽ ግማሽ እውነት ነው። ሥሩ ጥልቅ አይደለም። ጨርሶ ውሃ ካላገኘ የካቲት ላይ እሱም ይጠወልጋል፣ የበልጉ ዝናብ ሲመጣ ከአንጓው ይነሳል። እኛ ከሮቶው አናባክንም። ያለ በረኪና የታጠበ ልብስ ማለቅለቂያ ውሃ በሳምንት አንዴ እንደፋለን፤ ሳሩ ሲገረጣ እሱ ይቆያል። ከትልቅ ዛፍ ሥር ግን አትድከሚ፣ ጥላው ከበዛ አይሆንም።

ስለ ልጆቹ የሚያሳስብሽ ንብ ነው። አበባው ንብ ይጠራል፣ በባዶ እግር የሚሮጥ ልጅ ደግሞ ይነደፋል። በየሁለት በየሦስት ሳምንቱ አራት ጣት ያህል አስቀርተሽ ስታሳጭጂ አበባው አብሮ ይሄዳል። እኔ ጥግ ላይ ያለውን ለንቦቹ እተወዋለሁ። ውሻው ችግር የለውም፤ ሽንቱ ሳሩን ሲያቃጥለው ክሎቨሩ እምብዛም ግድ አልሰጠውም። ቅጠሉ ግን ልብስ ያቀልማል። ለእንቁጣጣሽ ነጭ የለበሰች ልጅ እዚያ ላይ እንዳትቀመጥ።

ከሁሉም የማልረሳው የፋሲካውን በግ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ገዝተን እርቦት የነበረውን ሙክት እርጥቡ ክሎቨር ላይ አሰርነው። እኛማ ደግ መሥራታችን ነበር። ከሰዓት በኋላ ግራ ጎኑ እንደ ከበሮ ተነፋ። እማማ ጎረቤታችን ባይደርሱ ኖሮ ከመታረዱ በፊት ይሞትብን ነበር። የምግብ ዘይት በጠርሙስ አጠጡትና አንድ ሰዓት ሙሉ ግቢውን አዞሩት። እና ባልና ሚስት በፍስኩ ዋዜማ በግ ስናንሸራሽር ዋልን። በግ የምታስሪ ከሆነ ሲሚንቶው ላይ እሰሪና ድርቆሽ ስጪው።

ዘሩን ከውጭ በሻንጣ አስመጣለሁ ብለሽ ከሆነ ተይው፤ የዕፅዋት ጤና ሰርተፊኬት ከሌለው ኤርፖርት ላይ ሊቀር ይችላል። ደግሞም አያስፈልግሽም። ከተሳበው ሐረግ አንጓና ሥር ያለውን ስንዝር ስንዝር ቆርጦ መትከል ከዘሩ ይቀላል፣ ባክቴሪያውም ከአፈሩ ጋር አብሮ ይመጣል። በየሁለት ስንዝሩ ከተከልሽው በዓመት ይገናኛል። ነሐሴ መጨረሻ ላይ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ። እርጥብ ጆንያ ይዘሽ ከመጣሽ የፈለግሽውን ያህል እቆርጥልሻለሁ።