ደጋግሞ የተጠበሰበት ዘይትና ጉበታችን፦ ጥያቄና መልስ

ስለ መጥበሻ ዘይት ብዙ ጥያቄ ደርሶኛል። ከጉበት ጋር የሚገናኙትን እነሆ።

ጥያቄ፦ ዘይት ደጋግሞ ሲሞቅ ምን ይሆናል?

መጥበሻ ላይ ሙቀቱ እስከ 180 ዲግሪ ይደርሳል። ዘይቱ ከአየር ኦክሲጅን ጋር ይዋሃድና ፐርኦክሳይድ የሚባል ያልተረጋጋ ውህድ ይፈጠራል። ያም ወዲያው ተሰባብሮ አልዲሃይድ የሚባሉ ትናንሽ ውህዶች ይሆናል። ዘይቱ ሲቃጠል ዓይን የሚያስለቅሰው ጭስ ውስጥ ያለው አክሮሊን ከእነዚህ አንዱ ነው።

ጥያቄ፦ እንዲህ ያለ ዘይት ጉበት ላይ ስብ ያጠራቅማል?

ሁሉም የሚጠብቀው ይህን ነው። የአይጥ ሙከራዎች ግን ብዙ ጊዜ ተቃራኒውን አሳይተዋል። ኦክሲጅን የያዙት የስብ አሲዶች ጉበት ውስጥ ፒፒኤአር አልፋ የሚባል ፕሮቲን ይቀሰቅሳሉ። ምግብ ሳንበላ ስንቆይ ስብ እንዲቃጠል የሚያዘውም ይኸው ፕሮቲን ነው። እሱ ሲነቃ ስብን ወደ ማይቶኮንድሪያ (የሕዋስ ኃይል ማመንጫ) የሚያስገባው ኢንዛይም ይጨምራል፤ ፔሮክሲዞም በሚባለው ሌላ የሕዋስ ክፍል ውስጥ ስብ የሚያቃጥለውም እንዲሁ። አዲስ ስብ የሚሠሩት ኢንዛይሞች ደግሞ ይቀንሳሉ። በዚህ ምክንያት በአይጦቹ ጉበትና ደም ውስጥ ትራይግሊሰራይድ የሚባለው ስብ ወረደ።

ጥያቄ፦ ታዲያ ለውፍረት መቀነሻ አይሆንም?

በፍጹም! የእነዚያው አይጦች ጉበት ያብጣል። ቫይታሚን ኢ ይቀንስባቸዋል። በአንዳንድ ሙከራ ደግሞ ሰውነታቸው ስኳር መቆጣጠር አቅቶታል። ትራይግሊሰራይድ ወረደ ማለት ጉበት ተመቸው ማለት አይደለም። ሌላም አለ፤ የአይጥ ጉበት ለዚህ ፕሮቲን የሚሰጠው ምላሽ ከሰው በጣም የበረታ ነው። ስለዚህ የአይጡን ውጤት በቀጥታ ወደ ራሳችን ማምጣት አይቻልም። ይህን እየዘለሉ «የተቃጠለ ዘይት ስብ ያቃጥላል» የሚሉ ሰዎች በጣም ያሳዝኑኛል።

ጥያቄ፦ ሐኪም «ጉበትህ ላይ ስብ አለ» አለኝ። የዘይቱ ጥፋት ነው?

ወንድሜ፣ ዘይቱን ብቻ አትክሰስ። ዋናዎቹ ምክንያቶች ውፍረት፣ የስኳር በሽታና አልኮል ናቸው። የለስላሳ መጠጥ ስኳርም ድርሻ አለው። ከሐኪምህ ጋር ክትትልህን አታቋርጥ።

ጥያቄ፦ በጾም በኑግ ዘይት ነው የምጠብሰው። ይስማማል?

ኑግ ለወጥ ግሩም ነው። ነገር ግን አብዛኛው ስቡ ሊኖሌይክ አሲድ የሚባል የስብ አሲድ ነው፤ ይህ ደግሞ በኦክሲጅን ቶሎ ይጠቃል። አንዴ ጠብሰሽበት ለሌላ ቀን አታስቀምጪው። ፓልም ሙቀት ይችላል፤ ግን የሚረጋው ስብ ስለሚበዛበት ለልብ አይመረጥም።

ጥያቄ፦ ዘይቱ መበላሸቱን በምን ልወቅ?

ዘይት በሙቀት ሲበላሽ የሚፈጠሩት ፖላር የሚባሉ ውህዶች ከዘይቱ 24 በመቶ ሲያልፉ በጀርመን ዘይቱ ለምግብ አይሆንም ይባላል። ቤታችን ግን ይህን መለኪያ የለንም። ስለዚህ ዓይናችንንና አፍንጫችንን እንጠቀም። ከጠቆረ፣ ከወፈረ፣ ሳምቡሳው ወጥቶ እንኳ አረፋው አልጠፋ ካለ፣ ወይም ገና ሳይግል ከጨሰ አብቅቶለታል። አዲስ ዘይት ቢጨመርበትም አይድንም። ሲቀዘቅዝ በጠርሙስ ከድናችሁ ከቆሻሻ ጋር ጣሉት፤ ቧንቧ ውስጥ አትድፉት፣ ይደፍናል።